የብቻ ስኒ



ዛሬ ስለ አንዲት ስኒ ላጫውታችሁ። ጊዜው 1998 ዓ.ም ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄ፣ ትዳር ከያዝኩም ገና ዓመት አልሞላኝም። የምንኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነበር። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱ እናቶች በደጃችን ያልፋሉ።

በዚያን ጊዜ ኤችአይቪ በደማቸው የተገኘባቸው ብዙ ሰዎች ጠበል ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ ወደ እንጦጦ ማርያም ይመጡ፣ እዚያው አካባቢ ትንንሽ ክፍል ተከራይተው ይቀመጡ ነበር። ከእነርሱ አንዷ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጣች። ከሁለት ወር በኋላ ምስጢሯን ለእኔና ለባለቤቴ ነገረችን። (ይህንንም የምጽፈው እርሷ ፈቅዳልኝ ነው።) ቡና ጠራኋት። ቶናው ሳይቀዳ ጠየቅኋት፦ «እንዴት ያዘሽ?»

«ከባለቤቴ ነው» አለችኝ።

እፎይ አልኩ። እኅቶቼ፣ ያ እፎይታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እርሷ ምንም እንዳላጠፋች ስሰማ፣ ልወዳት ፈቃድ ያገኘሁ መሰለኝ። መልሷ ሌላ ቢሆንስ ኖሮ? ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ የጠየቁት ማን እንደ በደለ ነበር (ዮሐ. 9)። ጌታ ጥያቄውን አልተቀበለላቸውም። ለምጻሙንም እጁን ዘርግቶ ሲዳስሰው ሰውዬው ገና አልነጻም ነበር (ማር. 1)።

ወደ ስኒዋ ልመለስ። እንግዳዬን ከሸኘሁ በኋላ የጠጣችበትን ስኒ በፈላ ውኃ አጥቤ፣ ከሌሎቹ ለይቼ ጓዳ አስቀመጥኩት። ቫይረሱ በስኒ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ፤ ለወጣቶችም አስተምሬዋለሁ። እጄ ግን አላመነም። በሌላ ቀን ስትመጣ ያንኑ ጠርዙ የተሸረፈ ስኒ አቀረብኩላት። ተቀበለችኝና ፈገግ ብላ፣ «ይቺ የእኔ ናት፣ አይደል?» አለችኝ። አከራይዋም እንዲሁ ለይታላት ስለነበር ገብቷታል። መልስ አልነበረኝም።

ይህ የእኔ ብቻ አልነበረም። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ከጠበሉ ጋር አይሄድም ብለው የተዉት ብዙዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። እኛ ጴንጤዎች በጠበልተኞቹ ላይ ስንፈርድ፣ በየጉባኤያችን «ተጸልዮልሻል፣ ተፈውሰሻል» ተብለው መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። በጸሎት መፈወስን አምናለሁ። ክኒን የምትውጠውን እኅት «እምነት የጎደላት» ማለት ግን የብቻ ስኒ እንደ መስጠት ነው።

ለመጋባት የምትዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች የደም ምርመራ ውጤት እንድታመጡ እንጠይቃችኋለን። ደግ ነው። ነገር ግን ውጤቱ ያልተጠበቀ ሲሆን ወሬው መዘምራን ዘንድ ደርሶ ይጠብቃል። መድኃኒቱን በሚገባ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው እንደማያስተላልፍ ዛሬ የታወቀ ነው። በሐኪም ክትትል ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ መውለድም ይቻላል። ይህን የማያውቅ ሽማግሌ «ይቅርባችሁ» ከማለቱ በፊት ሐኪም ቢጠይቅ ምን አለበት?

ያቺ እኅት ዛሬም ከእኛ ጋር ታመልካለች። ባለፈው ሰሞን ደግሞ አንዲት ወጣት ያንኑ ምስጢር ልትነግረኝ መጣች። የድሮው ጥያቄ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። «መድኃኒትሽን ለማምጣት ስትሄጂ ማን አብሮሽ ይሄዳል?» አልኳት።

«ማንም» አለችኝ።

ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ አብረን እንሄዳለን።