ሐዘን ሲካፈሉት ይቀላል



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አባባሉ የሚነገረው ስለ ሥራ ቢሆንም ለሐዘንም ይስማማል። ሐዘን ለማንም ጌጥ አይሆንም፤ ነገር ግን ሃምሳ ሰው ሲካፈለው የአንዱ ሸክም ይቀላል። ሕዝባችን ይህን የተገነዘበው ከጥንት ጀምሮ ነው። የልቅሶ ሥርዓታችንን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ እያንዳንዱ ልማድ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር ታስቦ የተሠራ መሆኑን ይረዳል።

መርዶን እንመልከት። በሩቅ አገር የሞተ ሰው ወሬ ለቅርብ ዘመዱ በድንገት አይነገርም። ጎረቤትና ሽማግሌ ተጠራርቶ፣ በማለዳ ከቤቱ ደርሶ፣ ተሰብስቦ ያረዳዋል። ተረጂው በድንጋጤ ቢወድቅ የሚይዘው ክንድ በአጠገቡ አለ። በሠፈር ሰው ሲሞት ደግሞ የዕድሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። የሴቶች ዕድር አባላት ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ወጥ ይሠራሉ። ሐዘንተኛዋ እናት ወደ ምድጃ አትጠጋም። ልጆቿን የሚያበላላት፣ እንግዳ የሚቀበልላት ሌላ ሰው አለ። የእርስዋ ድርሻ ማልቀስና የሟቹን ነገር መናገር ነው። እንዴት እንደ ታመመ፣ በመጨረሻ ምን እንዳላት ለመጣው ሰው ሁሉ ደጋግማ ትናገራለች። ሕልም የመሰላት ነገር እውነት መሆኑን ልቧ ቀስ በቀስ የሚቀበለው እንዲህ ስትናገረው ነው። ለማጽናናት የመጣችው ጎረቤቷም ከዓመታት በፊት የሞተባትን እናቷን አንሥታ አብራ ታለቅሳለች። በሰው ልቅሶ የራስን ማልቀስ ነውር የለበትም፤ ሁለቱም ቀለል ይላቸዋል።

አባቶችና እናቶች ሐዘን ጊዜ እንደሚፈልግም ያውቁ ነበር። ክርስቲያኑ ሰልስት ብሎ አያቆምም፤ አርባ፣ ሰማንያና ሙት ዓመት አለው። በእስልምና ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት የአራት ወር ከአሥር ቀን የዒዳ ጊዜ ተወስኖላታል።

ዛሬ በከተማ የምናየው ግን የሚያሳስብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ድንኳኑ ይሞላል። በሰልስቱ ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ዕቃው ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ሰውም ወደየሥራው ይበተናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ የሚሰጠው ከደመወዝ ጋር የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ነው። ከዚያ በኋላ ሐዘንተኛዋ በፋብሪካ መኪናዋ ወይም በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ትገኛለች። ማታ ወደ ኮንዶሚኒየም ቤቷ ስትገባ በሩ ይዘጋል። በሦስት ቀን ውስጥ መቶ ሰው ያቀፋት ሴት፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን በሯን የሚያንኳኳላት አንድ ሰው ታጣለች። ባዶው አልጋ፣ የተሰቀለው ኮት፣ ሳይከፈል የቀረው የቤት ኪራይ የሚታያት ግን ያኔ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መሰብሰብ በተገደበ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች ሟቻቸውን በጥቂት ሰው ቀብረዋል። ሳይተቃቀፉ፣ ደጅ ሆነው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የተባባሉትን እናስታውሳለን። የልቅሶ ቤት ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ የተረዳነው ባጣነው ጊዜ ነው።

ሐኪሞችም ይህን ጉዳይ በቸልታ አያዩትም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሆኖ ሠፍሯል። እንዲህ የሚባለውም ቢያንስ ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ፣ ኅብረተሰቡ በባህሉና በሃይማኖቱ ከሚጠብቀው ልክ ሲያልፍና ሰውየውን ከዕለት ኑሮው ሲያግደው ነው። እንግዲህ በአርባው ቀን ማልቀስ በሽታ አይደለም።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባናል?

አንደኛ፣ ከሰልስት በኋላ እንሂድ። ጎረቤቶች ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ቀን ተከፋፍለው በየተራ ቢጠይቋት ለማንም አይከብድም። ቡና አፍልቶ መጥራት፣ አንድ ማታ ልጆቿን ይዞላት መዋል፣ ለጡረታ ወይም ለውርስ ጉዳይ ቀበሌ ስትሄድ አብሮ መሄድ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመናገር ይልቅ እንስማ። «በቃሽ፣ አታልቅሺ» «ጠንከር በይ» ማለት ለተናጋሪው እንጂ ለሐዘንተኛዋ አይጠቅምም። የሟቹን ስም ለመጥራት አንፍራ። ስሙ ሲነሣ ዕንባዋ ቢመጣ፣ የቆየውን ነው ያወጣችው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገውን ባል፣ አባትና ወንድምም አንርሳ። ነገር ግን ደረት መድቃትና ፊት መንጨት አካል ያቆስላል እንጂ ሐዘን አያወጣም። ለተዝካር ተብሎ የሚገባው ብድርም ለልጆች ሌላ ሐዘን ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ለሕፃናት እውነቱን እንንገራቸው። «አባባ ሩቅ አገር ሄዷል» የተባለ ልጅ በር በሩን እያየ ይጠብቃል። «ተኝቷል» የተባለውም መተኛት ሊፈራ ይችላል። አባቱ መሞቱን፣ ተመልሶ እንደማይመጣ፣ እርሱ ያጠፋው ጥፋት እንደሌለና የሚያሳድገው ሰው እንዳለ በሚገባው ቃል ልንነግረው፣ ጥያቄውንም ደጋግመን ልንመልስለት ይገባል።

አራተኛ፣ ድንኳን የማይጣልለትን ሐዘን እናስብ። ጽንስ የጨነገፈባት ወይም ሕፃኗ ሞቶ የተወለደባት እናት ብዙ ጊዜ «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ተብላ ትታለፋለች። የእርስዋም ሐዘን ሐዘን ነው። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅም የእናቷን ሞት ብቻዋን ሆና በስልክ ትሰማለች። ከመደወላችን በፊት በአቅራቢያዋ ያለች አገሯ ልጅ ወይም ጓደኛ ፈልገን፣ ያቺ አጠገቧ ሆና እንድታረዳት ብናደርግ የመርዶን ደንብ ጠበቅን ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ሐዘንተኛዋ ምግብና እንቅልፍ ለብዙ ጊዜ እምቢ ካላት፣ ልጆቿን መንከባከብ ካቃታት፣ ወይም «እኔም ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረች፣ ብቻዋን ሳንተዋት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል እንውሰዳት። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

እናንተ የዕድር ዳኞችና የሴቶች ዕድር አባላት ሆይ! ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን በሚገባ አደራጅታችኋል። ለቀሪ የሚከፈለውንም መቀጫ በደንባችሁ ጽፋችኋል። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ አንድ ጉዳይ ብቻ ጨምሩ። ከሰልስት እስከ አርባ ሠላሳ ሰባት ቀን አለ፤ በእነዚህ ቀኖች ሐዘንተኛዋን ማን በየትኛው ቀን እንደሚጠይቃት ተነጋግራችሁ ስም ጻፉ። መዋጮ አያስከፍልም፤ ድግስም አይፈልግም። ዛሬ የሌላዋን በር ያንኳኳች እናት፣ ነገ በእርስዋ በር የሚቆም ሰው አታጣም።