አምስተኛዪቱ አይሮፕላን
ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ከሸንበቆ የሠራውን አይሮፕላን «የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» ብለን ከእጁ ነጥቀን ሰብረን ነበር። ስሕተታችንን ያሳየን የአሜሪካዊው የሜናርድ ሂል ታሪክ ነው። እኒህ ሽማግሌ በ77 ዓመታቸው፥ ዓይናቸው ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ሳለ፥ በእጃቸው እየዳሰሱ ከባልሳ እንጨት በራዲዮ የምትመራ ትንሽ አይሮፕላን ሠሩ። ሞተሯንም ነዳጅ እንዲቆጥብ አድርገው አሻሻሉት። ክብደቷ ከነነዳጇ 5 ኪሎ አይሞላም ነበር። ቀድሞ የላኳቸው በባሕር ቀሩ። አምስተኛዪቱ ግን እኛ ጾመ ፍልሰታን በያዝን በሦስተኛው ቀን፥ ነሐሴ 3 ቀን 1995 ዓ.ም. ከካናዳ ተነሥታ፥ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል በርራ በ38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ አየርላንድ ደረሰች። እንግዲህ ልጃችሁ የሠራው ቢወድቅበት አትቆጡት፤ ሙጫውን አቀብሉት። እኛም ያንን ተማሪ በዚህ ገጽ ይቅርታ እንጠይቃለን።