የሚጠብቅ ሰብል
ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ጓሮ ያለው ልብ ወለድ ደራሲ ዘር ከመግዛቱ በፊት አንድ ነገር ራሱን ይጠይቅ፦ ይህ ሰብል ይጠብቀኛል? ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በአገራችን ደራሲ ብዕሩን የሚያቆየው በሌላ ሥራ ነው፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደራሲ ሐዲስ አለማየሁን የምናውቃቸው በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነትም ነው፤ «ኦሮማይ»ን የጻፈው በዓሉ ግርማም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ደቡብ አፍሪካ ተወልዳ ወደ ቦትስዋና የተሰደደችው ቤሲ ሄድ ደግሞ በሴሮዌ መንደር የጋራ አትክልት ቦታ ላይ ሠርታለች፤ ያ አፈር በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመው ልብ ወለዷ ውስጥ ገብቷል። እሰየው ነው፤ ግን ቢሮ የመውጫ ሰዓት አለው፣ የደረሰ ቲማቲም የለውም። ምዕራፉ ሊቋጭ ሁለት ገጽ ሲቀረው ይቀላል፣ ሳይለቀም ከሰነበተ ይበሰብሳል። ድንች ግን ታጋሽ ነው። የሱሉልታ ብርድ ይስማማዋል፤ ከተተከለ ሦስት አራት ወር ቆይቶ ቅጠሉ ሲደርቅ ወዲያው ካልተቆፈረም አይቀየምም፣ ሁለት ሳምንት ያህል አፈር ውስጥ ቢቆይ ይልቁንም ልጣጩ ይጠነክራል፤ ለአንድ ምዕራፍ እርማት በቂ ጊዜ ነው። ጎመንም ከታች ሲቀነጠብ ከላይ ያቆጠቁጣል፤ ለወጥ የሚሆነውን ቀጥፎ ወደ ጠረጴዛ መመለስ ይቻላል። ከሁሉ የሚልቀው እንሰት ነው፦ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ከደረሰ በኋላ ግን የመፋቂያው ወር በቀን መቁጠሪያ አልተወሰነም። ቲማቲሙን ከገበያ ይግዛ።