ጡንቻ ሰርተፍኬት አይደለም

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ የሚቆጣብኝም አይጠፋም። ቢሆንም ልናገረው።

«ቲቸር፣ ፐርሰናል ትሬይነር መሆን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ኢንቦክሴ ውስጥ በዝቷል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ አብሮ የሚላከው ፎቶ ነው። ልጁ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ቲሸርቱን ወደ ላይ ሰብስቦ ሲክስ ፓኩን ያሳየኛል። በቃ፣ የሥራ ማመልከቻው ያ ነው።

አቦ፣ እንነጋገር። ያ ፎቶ የሚመሰክረው የራስህን ሰውነት መሥራት እንደቻልክ ብቻ ነው። ስኳር ያለባትን፣ ጉልበቷን የሚያማትን የ50 ዓመት እናት ማሠራት እንደምትችል ምንም አይናገርም። ጥርሱ ያማረ ሁሉ የጥርስ ሐኪም ነው እንዴ?

ልጆቹን ብቻ አልወቅስም። ሥራውን ካረከሱት መሃል አንዳንድ የጂም ባለቤቶች ከፊት ይሰለፋሉ። ለማሽኑ፣ ለመስታወቱ፣ ለስፒከሩ ገንዘብ ያፈሳሉ፤ ሰው መቅጠር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይታሰራል። ከሚሠሩት ልጆች መሃል ክንዱ የወፈረውን ይጠሩና «አንተ ወርሃዊ አትክፈል፣ አዲስ የሚመጡትን አሳያቸው» ይሉታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ «ኮች» ነው። ደመወዝ የለው፣ ውል የለው፣ ያስተማረው የለ።

ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት አንድ ልጅ እንዲህ ዓይነት «ኮች» እጅ ላይ ወደቀ። ጂሙን በስም አልጠራም። ልጁ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል፣ የቆየ የወገብ ሕመም ያለበት ነው። የጠየቀው ግን የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ዴድሊፍት አሠሩት። ጀርባው ሲጎብጥ የሚያርመው ጠፋ፤ «በርታ! ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚለው ግን ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የጫማውን ክር የምታስርለት እናቱ ነበረች።

ፓር-ኪው የሚባል መጠይቅ አለ፤ በብዙ አገር አሰልጣኞች አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ቅድሚያ የሚያስሞሉት ነው። ጥያቄው 7 ብቻ ነው፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ»። የልብ ችግር ወይም የደም ግፊት አለብህ ተብለህ ታውቃለህ? ደረትህን ያምሃል? ያዞርሃል? መድኃኒት ትወስዳለህ? አጥንትህ ወይም መገጣጠሚያህ ላይ ችግር አለ? አንድ «አዎ» ከተገኘ ተጨማሪ ማጣራት ይደረጋል፤ ካስፈለገም ሰውየው መጀመሪያ ሐኪም ያያል። የአንድ ገጽ ኮፒ ዋጋ ስንት ነው? ከሰው ወገብ ይበልጣል?

ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን እስኪያስመልሰው ማሠራትም እንደ ጀብዱ ይወራል። ከልክ በላይ የተጎዳ ጡንቻ እኮ ሲፈራርስ በውስጡ ያለው ነገር ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት እስከመጉዳት ይደርሳል። ጂም ሠርቶ ሽንቱ እንደ ኮካ የጠቆረ ሰው ወደ ሆስፒታል ነው የሚሮጠው፤ «ይለመዳል» ተብሎ አይታለፍም።

ደግሞ ያለነው ድሬ ነው። ከዩቲዩብ የተቀዳ ፕሮግራም የእኛን ሙቀት አያውቅም። የደንበኛውን ሆድ በላስቲክ ጠቅልሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚያሮጥ «ኮች» የሚያስወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ፕሮግራሙ በርጫንም አያውቅም። ከምሳ በኋላ ሲቅም ውሎ ማታ 12 ሰዓት ጂም የሚመጣ ደንበኛ አለ፤ እንዳላየ ማለፍ አይቻልም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። እዚህ ሰው ላይ ብረት ከመጫንህ በፊት «ዛሬ ቅመሃል? ምን በላህ? ውሃ ጠጥተሃል?» ብሎ መጠየቅ የአንተ ሥራ ነው። በረመዳን ሰዓቱንና የሥራውን ክብደት ታስተካክላለህ። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና እንቁላል ለማይቀምስ ሰው «በቀን 6 እንቁላል» ብለህ አትጽፍም፤ ከምስሩ፣ ከሽሮው፣ ከባቄላው ታሰላለታለህ። ይህን ሁሉ ጡንቻ አያስተምርም።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ያለኝም ዲፕሎማ ነው። ልጆች አሰልፌ ሜዳ ላይ ኳስ ለማስያዝ ያን ወረቀት አሳይ ተብያለሁ። የሰው ትከሻ ላይ 80 ኪሎ የሚያሸክመው ግን ምንም አይጠየቅም?

«ራሱ ያልሠራ እንዴት ያሠራል?» የምትሉ አላችሁ። ልምድ ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን በቆጂን እዩ። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር እንጂ የዓለም ሻምፒዮን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን ያዘጋጀው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም የኦሎምፒክ ማራቶን አሸናፊ አልነበረም። ማሰልጠን ማለት ሰውን አይቶ ሥራውን መመጠን፣ ማረም፣ መታገስ ነው። ማስተማር ነው፣ በአጭሩ።

ወላጆችም አላችሁበት። «12 ክፍል ያስጨረስኩህ ብረት ልታነሳ ነው?» ትላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ሱቅ ተቀምጦ የሚውለው፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ግፊትና ስኳር የጀመረው የከተማችን ሰው ይህን ከማን ይማር? ከወንድ ጋር መሥራት የማይመቻቸው እናቶችና እህቶችስ? ሴት ተማሪዎቼ፣ ይህ በር የእናንተ ነው። ሥራው ክቡር ነው፤ የተዋረደው ማንም ስለሚገባበት ነው።

ስለ ገቢው ግን አልዋሻችሁም። ደንበኛ የሚመጣው ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳለህ፣ ቀትር ላይ ባዶ ነህ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ገና እዚያው ነህ። 10 ደንበኛ በሳምንት 3 ቀን ከያዝክ 30 ክፍለ ጊዜ ነው፤ ፕሮግራም መጻፉና መዝገብ መያዙ ሳይቆጠር። ሙሽራ ሰርጓ 3 ወር ሲቀረው ትመጣለች፣ ከመልሱ ማግስት ትጠፋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሌላ ገቢ ይዛችሁ ግቡ።

ከየት ልጀምር ላላችሁት፦ ውጤት የፈቀደለት ስፖርት ሳይንስ ይማር፤ ሐረማያ ቅርባችን ነው። ያልቻለም የአናቶሚ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያ እርዳታና ሲፒአር ይማር፣ ቀይ መስቀል ሄዶ ይጠይቅ። ታዋቂዎቹ የውጭ ሰርተፍኬቶች 18 ዓመት መሙላት፣ ሲፒአርና ከባድ ፈተና ይጠይቃሉ፤ ክፍያቸውም በዶላር ስለሆነ ይከብዳል። ቢከብድም ያለ ፈተና በሁለት ቀን «ማስተር ትሬይነር» የሚያደርግ ወረቀት አትግዙ። ከበሰለ አሰልጣኝ ሥር ወራት ቆማችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ለገዛ እናታችሁ የሚሆን የ4 ሳምንት ፕሮግራም ጻፉና ላኩልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ መርፌና ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት አትሽጡ። ያለ ሐኪም የሚወሰድ ስቴሮይድ ልብና ጉበት ይጎዳል፣ ልጅ መውለድንም ያሳጣል። ደረቱ ያበጠውን ወጣት ነገ አባት መሆን ሲያቅተው «ኮቼ ነው የሰጠኝ» ሲል መስማት ትፈልጋላችሁ?

ጂም ለምትከፍሉ ደግሞ፦ ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ነው የሚያሠራኝ? የት ተማረ? ድንገት ብወድቅ ምን ያደርጋል? መልሱ «ክንዱን አታይም እንዴ?» ከሆነ ብራችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ደንበኛ መጠየቅ ሲጀምር ባለቤቱ የተማረ ሰው መፈለግ ይጀምራል። የተማረው ልጅም ያኔ ደመወዝ ያገኛል።

የምትከራከሩኝ ኮሜንት ላይ ኑ፤ ጂም ያለው ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።