ሙዚቃ ሞተ ያለው ማን ነው?

በያዝነው መንፈቀ ዓመት ብዙዎቻችን አንድ የቤት ሥራ ተሸክመን እንመላለሳለን። በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ፥ በመኝታ ክፍሉ፥ በሻይ ቤቱ ሰልፍ ሳይቀር የሚሰማው ወሬ ይኸው ነው፤ «ስለ ሙዚቃ ንግድ መዳከም የተነገረ ወይም የተጻፈ አንድ ክርክር መርጣችሁ፥ ተናጋሪው አድማጩን ለማሳመን የተጠቀመበትን ዘዴ ተንትኑ» የሚለው። የማስረከቢያው ቀን ቀርቧል። በዝግጅት ክፍሉ ያለን ጓደኞችም የራሳችንንና የሌሎች ወንድሞችና እኅቶችን ረቂቅ ተቀባብለን አንብበናል። ያየነውን ስም ሳንጠራ ብንናገር ማንንም አናስቀይምም ብለን እናምናለን፤ ጥፋቱ የእኛም ጭምር ነውና።

ካነበብናቸው ረቂቆች አብዛኞቹ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሙዚቃ መሞቱ ይነገራል። በሁለተኛው ኢንተርኔት ይወገዛል። በሦስተኛው የድሮው ዘፈን ይመሰገናል። በመጨረሻም «የሚመለከታቸው ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል» የሚል ማሳሰቢያ ተጨምሮ ነገሩ ይዘጋል። ልቅሶው ያማረ ነው፤ ትንተናው ግን የለም። መምህሩ የጠየቀን ከለቀስተኞቹ ጋር እንድንቀመጥ ሳይሆን፥ አልቃሹ ምን ብሎ እንዳስለቀሰን እንድናሳይ ነበር።

ይህ ሥራ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። አባቶቻችን ችሎት ቆመው «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ፥ ከሳሽና ተከሳሽ በግጥም፥ በምሳሌና በእጅ እንቅስቃሴ ይከራከሩ ነበር። ጥሩ ዳኛ የሚባለው ሁለት ነገር ለይቶ የሚሰማው ነው፤ አንዱ የአንደበቱ ውበት፥ ሌላው የነገሩ ፍሬ። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ የሚንተባተበውም ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። የንግግር ጥበብን የሚተነትን ተማሪ ከዚህ ዳኛ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ፍርድ ለመስጠት አይቸኩልም፤ ንግግሩ በችሎቱ ላይ እንዴት እንደ ሠራ፥ የት እንደ ያዘና የት እንዳነከሰ ይናገራል።

እስቲ የልቅሶውን ታሪክ እንመልከት። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በማርሽ ድርሰቶቹ የታወቀው አሜሪካዊው ጆን ፊሊፕ ሱዛ በ1906 ባወጣው ጽሑፍ፥ የሸክላ ማጫወቻና መሰል መሣሪያዎች ሰው በቤቱ መዝፈንንና መጫወትን እንዲተው ያደርጋሉ ሲል አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት ደግሞ ይኸው ሰው፥ ድርሰት በመሣሪያ ሲባዛ ለደራሲው እንዲከፈል በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ይከራከር ነበር። በ1909 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ ቅጂ ሁለት ሳንቲም እንዲከፈል ደነገገ። በነሐሴ 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር መሪ ጄምስ ፔትሪሎ፥ ሸክላና ሬዲዮ የአባላቱን እንጀራ ነጠቁ በማለት ማንም አባል ሸክላ እንዳይቀርጽ ከለከለ፤ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር የነበረው ጠብ እስከ 1944 ዘለቀ። በ1981 ደግሞ የእንግሊዝ ሸክላ አሳታሚዎች የካሴትን ሥዕል ከሁለት አጥንቶች ጋር አጣምረው፥ በቤት ካሴት መገልበጥ ሙዚቃን እየገደለ ነው የሚል ዘመቻ አካሄዱ።

ሙዚቃ ግን አልሞተም። እንዲያውም ከዚያ ዘመቻ በኋላ ሲዲ መጣና ንግዱ አበበ። በአሜሪካ የተቀረጸ ሙዚቃ ሽያጭ በ1999 ወደ 14.6 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ሾን ፋኒንግ የሚባል የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ናፕስተር የተባለውን የዘፈን መለዋወጫ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ገቢው እየወረደ ሄዶ በ2014 እና በ2015 አካባቢ ከግማሽ በታች ሆነ። በስልክና በኮምፒዩተር በክፍያ ማዳመጥ ከተስፋፋ በኋላ እንደገና ተነሥቶ በ2024 ወደ 17.7 ቢሊዮን ዶላር ወጣ። እንግዲህ «ንግዱ አገገመ» የሚል ሰው ይህን ቁጥር ይጠቅሳል። «አላገገመም» የሚል ሰው ደግሞ የገንዘቡን መርከስ ቢያሰላ የዛሬው ገቢ ከ1999ኙ ገና እንደሚያንስ ያሳያል። ሁለቱም አልዋሹም። ቁጥር እንኳ ሲናገር ከአንድ ወገን ቆሞ መሆኑን ያላየ ተማሪ ትንተናውን አልጀመረም።

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ነውና አንድ የታወቀ ንግግር ወስደን እንሞክረው። የሜታሊካ ባንድ ከበሮ መቺ ላርስ ኡልሪክ በሐምሌ 2000 በአሜሪካ ሴኔት የፍትሕ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በናፕስተር ላይ መሰከረ። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎች የባንዱን ዘፈኖች 1.4 ሚሊዮን ጊዜ በነጻ እንደ ወሰዱ ተናገረ። አልበም መሥራት ወራትና ብዙ ገንዘብ እንደሚፈጅ አስረዳ። ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው ግን የአናጢው ምሳሌ ነው፤ ጠረጴዛ የሠራ አናጢ ሊያስቀምጠው፥ ሊሸጠው ወይም በነጻ ሊሰጠው የመወሰን መብት እንዳለው ሁሉ እኛም በዘፈናችን ላይ ይህ መብት ይገባናል አለ።

ብዙዎቹ ረቂቆች እዚህ ላይ «ጥሩ ምሳሌ ተጠቅሟል» ብለው ያልፋሉ። እኛ ግን ጥቂት እንቁም። ለምን አናጢ ሆነ? ኡልሪክ ሀብታምና ዝነኛ ሰው ነው፤ አናጢው ግን በላቡ የሚያድር ሠራተኛ ነው። ምሳሌው ስለ ንብረት ከመናገሩ በፊት ተናጋሪውን የሠራተኛ ልብስ አለበሰው። አድማጮቹስ እነማን ነበሩ? ሕግ አውጪዎች፤ የንብረትን ነገር ለመስማት የተቀመጡ ሰዎች። ለእነርሱ ጠረጴዛ ቅርብ ነው፥ በመስመር ላይ የሚተላለፍ ዘፈን ግን ሩቅ። ስለዚህ ሩቁን በቅርቡ አስረዳቸው። ምሳሌው የሚያነክሰውስ የት ነው? ጠረጴዛው የተሰረቀበት አናጢ ጠረጴዛ የለውም፤ ዘፈኑ የተገለበጠበት ዘፋኝ ግን ዘፈኑ አሁንም በእጁ ነው። የጠፋው ዕቃው ሳይሆን ከዕቃው ሊያገኝ የሚችለው ዋጋ ነው። ይህም እውነተኛ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሌላ ዓይነት ጉዳት ስለ ሆነ ሌላ ዓይነት ማስረጃ ይፈልጋል። ይኸው ክርክር ሸንጎው ውስጥ በአክብሮት ሲሰማ፥ ብዙዎቹን አፍቃሪዎቹን ግን አስቈጣ፤ እነርሱ የሰሙት አናጢውን ሳይሆን ከአድማጮቹ ጋር የተጣላ ባለ ጠጋ ነበርና። አንድ ቃል በሁለት አደባባይ ሁለት ዋጋ አለው።

ከዚህ ጎን ለጎን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዘፋኟ ኮርትኒ ላቭ በኒው ዮርክ ያደረገችውን ንግግር እናስቀምጥ። እርሷ ጣቷን የቀሰረችው በናፕስተር ሳይሆን በሸክላ ኩባንያዎቹ ውል ላይ ነበር። አንድ ባንድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ቢቀበል ብላ አሰበችና፥ የቀረጻውን፥ የሥራ አስኪያጁን፥ የጠበቃውን፥ የግብሩንና የማስታወቂያውን ወጪ አንድ በአንድ እየቀነሰች ባንዱ ባዶ እጁን ሲቀር አሳየች። ሒሳብ ደረቅ ነገር ይመስላል፤ እርሷ ግን ሒሳቡን እንደ ታሪክ ተረከችው፥ በእያንዳንዱ ቅናሽ አድማጩ አብሮ እንዲናደድ አደረገች። ተንታኙ ይህን አድንቆ ሁለት ጥያቄ ይጨምራል። ባንዱ በሐሳብ የተፈጠረ ነው፤ ታዲያ ስንቶቹን እውነተኛ ባንዶች ይወክላል? ተናጋሪዋስ በዚያን ጊዜ ከአሳታሚ ኩባንያዋ ጋር በክስ ላይ ነበረች፤ ይህ ምስክርነቷን ያጠነክረዋል ወይስ ያደክመዋል? መልሱ ቀላል አይደለም፤ ጥሩ ጽሑፍ የሚወለደውም ከዚህ ነው።

እንግዲህ ረቂቅ እንዴት ይጻፍ? አሪስቶትል ያስተማራቸውን ሦስቱን፥ ማለት የተናጋሪውን ታማኝነት፥ የአድማጩን ስሜትና የነገሩን ማስረጃ፥ እንደ ሦስት መሶብ ደርድሮ ጥቅስ መሙላት ይቅርብን። «ኡልሪክ ሦስቱንም ተጠቅሟል» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንም የማይከራከረው ስለ ሆነ ማንንም አይጠቅምም። «ኡልሪክ ራሱን በአናጢ መመሰሉ ሴኔቱን ሲያቀርብለት አፍቃሪዎቹን አራቀበት» የሚለው ግን ሊደገፍም ሊነቀፍም ይችላል፤ ስለዚህ ማስረጃ ይጠይቃል፥ ማስረጃውም አንቀጾቹን ይወልዳል። የመጀመሪያው ረቂቅ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመፈለግ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ሲገኝ ያን ዐረፍተ ነገር ወደ ላይ አውጥቶ የቀረውን እንደገና መጻፍ ነው። ከዝግጅት ክፍሉ አባሎች አንዱ በዚህ ሳምንት ሁለት ሙሉ ገጽ ልቅሶ ሰርዟል፤ ሲሰርዝ እንደ ከፋው አይተናል፥ የተረፈው ገጽ ግን የራሱ ሆኖ ቀረለት። ያልተገላበጠ ያራል ይባል የለም?

በአገራችንም ይህን የምንፈትንበት ጉዳይ ሞልቷል። በየመንገዱ ዘፈን ያሰሙ የነበሩ ሙዚቃ ቤቶች ብዙዎቹ መዘጋታቸውን እያየን «የሙዚቃችን ዘመን አለፈ» እንላለን። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፥ መብቱ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተጠበቀ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ወርቃማ እያልን የምናለቅስለት ዘመን ያን ጊዜ ለአንዱ ወገን ደንብ መጣስ ነበር። ቀጥሎ ካሴት ሸክላውን ተካ፥ ካሴቱም ያለ ፈቃድ ተገለበጠ፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። ዘፋኙ፥ አሳታሚው፥ ሱቅ ጠባቂውና አድማጩ ያጡትና ያገኙት አንድ አይደለም። «ሙዚቃችን ሞተ» የሚለው ቃል ግን አራቱን በአንድ ከፈን ይጠቀልላቸዋል። ከፈኑን መፍታት የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ለማርክ ብቻ አይደለም። ነገ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ብዙ አልቃሽ ይጠብቀናል። የራሱን ኪሳራ የአገር ኪሳራ አድርጎ የሚያቀርብ ነጋዴ፥ የራሱን ፍርሃት የሕዝብ ፍርሃት አድርጎ የሚናገር ባለ ሥልጣን፥ እውነተኛ በደል ደርሶበት በደሉን መግለጽ ያቃተው ደሀም ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳንታለል፥ ሦስተኛውንም ሳንንቅ ለመስማት የምንለማመደው አሁን ነው። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ተማሪ ረቂቅ ተበድሮ ስም መለወጥ፥ ወይም ዛሬ እንደ ቀለለው ሁለት መስመር ጥያቄ ለማሽን ሰጥቶ ሙሉ ጽሑፍ መቀበል፥ መምህሩን ከማታለል ይልቅ ራስን መበደል ነው። ጆሮ በውክልና አይሰለጥንም።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለን። ጽሑፋችን አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ከማርክ ጋር ሲመለስ፥ ማርኩን አይተን ወረቀቱን እናስቀምጠዋለን። የክፍሉ ብዛት ሙሉ ረቂቅ ሁለት ጊዜ ለማንበብ እንደማያስችል እናውቃለን። ሆኖም ከማስረከቢያው ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ተቀብላችሁ «ይህ ትንተና ነው» ወይም «ይህ ልቅሶ ነው» ብላችሁ ብትመልሱልን፥ ያቺ አንዲት መስመር ከመጨረሻው ማርክ ይልቅ ታስተምረናለች። የተማሪዎች ማኅበራችንም የስብሰባ ክፍሉን በሳምንት አንድ ምሽት ይክፈትልን፤ ሁለት ሁለት ሆነን ረቂቅ እንለዋወጥና እናንብብ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ ወንበርና መብራት ብቻ ይበቃዋል።

ወንድሞችና እኅቶች፥ የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ነውና የመጨረሻዋን ሌሊት አንጠብቅ። ዛሬ ማታ ረቂቃችንን አውጥተን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ ሙዚቃ ሞተ ያለው ማን ነው፥ ለማንስ ብሎ ነው? ረቂቁ መልስ ካጣ፥ ገና አልጻፍነውም ማለት ነው።

የዝግጅት ክፍሉ