«ደህና ነኝ» ከሚለው ቃል ጀርባ

ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሸኙ ወላጆች ዝግጅት አያንሳቸውም። ብርድ ልብስና አንሶላ ይገዛል፣ በሶ ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎ ይጋገራል፣ አያት ጭኮ ይልካሉ፣ አጎት ኪስ ውስጥ ብር ይሸጉጣሉ። ሻንጣው አልዘጋ እስኪል ድረስ ይሞላል። ሆኖም ከዓመት ዓመት እንደማየው፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል አንድ ነገር ይረሳል። ይኸውም ልጁ ከቤት ርቆ ሲታመም፣ ሲከፋው ወይም ግራ ሲገባው ምን እንደሚያደርግ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።

እስቲ መጀመሪያ ልጁ ከምን ተነስቶ ወደ ምን እንደሚሄድ እንየው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ማለፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ በትምህርት ቤቱ ስሙ የሚነሳ፣ ሰፈር «ጎበዝ» ያለው፣ ዘመድ የተመረቀበት ልጅ ነው። ግቢ ሲደርስ ግን ግራና ቀኙ፣ ከላይም ከታችም አልጋ ላይ ያሉት ሁሉ እንደሱው ጎበዞች ናቸው። አንደኛ መውጣት የለመደ ልጅ የመጀመሪያውን ሚድ ወስዶ ከመካከለኞቹ አንዱ መሆኑን ሲያውቅ የሚሰማውን አስቡት። ያቺን ውጤት ለቤተሰብ መናገር ያፍራል። አፍሮም ዝም ይላል። ብዙው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ዝምታ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የፍሬሽማን ፕሮግራም ደግሞ ጫናውን ጨምሮታል። ተማሪው ሳይኮሎጂውን፣ ሎጂኩን፣ ጂኦግራፊውን፣ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን ከሁሉም ጋር በጋራ ይወስዳል፤ የሚፈልገውን ዲፓርትመንት የሚያገኘው ግን በዚያ ውጤት ተወዳድሮ ነው። አሠራሩ ከግቢ ግቢ ቢለያይም ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሚመኝ ልጅ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይህን እያሰበ ነው የሚተኛው። ወይም የማይተኛው።

ስለ እንቅልፍ ካነሳን አይቀር፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ወጣት በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ዶርም ውስጥ ግን አንዱ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ሌላው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ያበራል፣ አንዷ ከእጮኛዋ ጋር እስኪነጋ በስልክ ታወራለች። የፈተና ሰሞን ሲመጣ «ዛሬ አድረን እንጨርሰዋለን» የሚባለው የተለመደ ዘዴ ይጀመራል። አንዳንዱ በቡና ያድራል። አንዳንዱ ደግሞ ከሴኒየሮቹ አይቶ ጫት ይጀምራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ለጊዜው ያነቃል፤ በዚያው ልክ ግን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርት ያመጣል። ድብርቱን ለማብረድ ጨብሲ ይከተላል። ለአንድ ፈተና ብሎ የጀመረው ልጅ በሁለተኛው ሴሚስተር ያለሱ መጽሐፍ መግለጥ ያቅተዋል። «አንተ ልጅ፣ ጫት እንዳትቅም!» ብሎ ከመቆጣት ይልቅ ይህን ሂደት ከመሄዱ በፊት በሰከነ አንደበት ማስረዳት ይበልጥ ይሠራል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ልጅ ለጓደኛውም የሚመልሰው ቃል አለው።

ወደ ምግቡ እንምጣ። የግቢ ካፌ ምግብ እንደ እናት ቤት አይሆንም። ሰልፉ ሲረዝም ቁርስ የሚዘል፣ ወጡ ሲሰለቸው በሻይና በብስኩት የሚውል ተማሪ ብዙ ነው። በካፌ ፋንታ ገንዘቡን የሚወስዱት፣ «ነን ካፌ» የሚባሉት ደግሞ ወሩ ሳይጋመስ እጃቸው ባዶ ሊሆን ይችላል። የዚህ ሁሉ ማረፊያ ጨጓራ ነው። በባዶ ሆድ ለራስ ምታት ወይም ለወር አበባ ቁርጠት ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ደግሞ የቆሰለውን ጨጓራ ያብሰዋል። ልጃችሁ የጨጓራ ሕመም ካለበት ይህን ያለመታከት ንገሩት። ገንዘብም ስትልኩ የሴሚስተሩን በአንድ ጊዜ ከመላክ በየሁለት ሳምንቱ ከፋፍሎ መላክ ይሻላል። የመጀመሪያ ወር ደመወዛችንን እኛ ራሳችን እንዴት እንዳጠፋነው እናስታውሳለንና። በስልክ የሚጫወቱት የስፖርት ቤቲንግም አንድ ማታ ብቻ ነው የሚበቃው።

አሁን ደግሞ ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ልብ የማይለው ጉዳይ አለ። የምደባው ወረቀት ሲመጣ ሁላችንም የምንጠይቀው «ሰላም ነው ወይ? መንገዱስ?» ብለን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዚያ ቀጥሎ መምጣት ያለበት ግን «ከፍታው ስንት ነው?» የሚለው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ወፍራም ብርድ ልብስና ሹራብ ትፈልጋለች። ሰመራና ጋምቤላ ቆላ ናቸው፤ አርባ ምንጭም 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው መሬት ለወባ የተጋለጠ ነው። የወባ ዋናው ወቅት ደግሞ ከክረምቱ ማግስት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወባን የመቋቋም አቅም በሰውነቱ ውስጥ አልገነባም፤ ስለዚህ ቶሎ ይጸናበታል። ወደዚያ የሚሄድ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ከጭኮው በፊት አጎበር መግባት አለበት።

እኔ ፍሬሽ በነበርኩበት ዓመት አንዲት የዶርም ልጅ ነበረችን። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሳቂታ። አንድ ቀን ከክፍል ስትመለስ ራሷን ይዛ ተኛች። «ምች ነው፣ ፀሐይ መትቶኝ ነው» አለች። በማግስቱ ሲያንቀጠቅጣት እናቷ ደወሉ። ብርድ ልብሱን ወደ አፏ ስባ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ፈተና ስለደረሰ ነው ድምፄ የደከመው» ስትል ሁላችንም ሰማን። ታች አልጋ ላይ የምትተኛው ልጅ እዚያው ቆላ ያደገች ነበረች። አማርኛዋ ገና ስላልፈታ ብዙም አታወራም። እሷ ግን ተነስታ ግንባሯን ዳሰሰችና «ይሄ ምች አይደለም፣ ወባ ነው። ተነሺ!» አለቻት። ደግፋ ወደ ክሊኒክ ወሰደቻት። የደም ምርመራው ውጤትም እንዳለችው ሆነ።

ይህን የማነሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በወባ አካባቢ ያለ ሰው ትኩሳት ሲሰማው በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ለእረፍት ቤት መጥቶ ትኩሳት ቢጀምረውም ሐኪሙን «የመጣሁት ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው» ማለት አለበት፤ ምልክቱ የሚታየው ከትንኝ ንክሻው ከሳምንት እስከ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛው፣ ወላጆች «ልጄ ከማን ጋር ይሆን የሚደርሳት?» እያልን የምንፈራት ያቺ የማናውቃት ልጅ፣ ቋንቋዋ የሚለየው፣ ሃይማኖቷ የሚለየው፣ ልጃችንን ሌሊት ክሊኒክ የምታደርስልን ሰው ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ልጃችሁን «ከአገርህ ልጆች ጋር ብቻ ሁን» ብላችሁ አትላኩት። ይልቅ በመጀመሪያው ሳምንት የዶርሙን ልጆች ስም ጠይቁ፤ ፈቃደኛ ከሆኑም የአንዱን ስልክ ያዙ። አልፎ አልፎም «ሰላም ነህ ልጄ? እናንተስ እንዴት ናችሁ?» በሏቸው። ለበዓል ዳቦ ስትልኩ ለዶርሙ ሁሉ የሚበቃ ላኩ።

ስለ ሌሎች በሽታዎች ባጭሩ። ብዙ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲኖር ሳል ይዛመታል፤ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ውኃው የማያስተማምን ከሆነ ማከም ወይም አፍልቶ መጠጣት እንጂ «ለምጄዋለሁ» ማለት አያዋጣም። ከመድኃኒት ቤት በራስ ትእዛዝ አሞክሲሲሊን ገዝቶ ሦስት ቀን ውጦ ማቆምም ሌላው የግቢ ልማድ ነው፤ በሽታውን ሳያድን መድኃኒቱን ያለማምደዋል።

ከዚህ የሚከብደውን ወሬም እናውራ። ሴት ልጆቻችንን «ራስሽን ጠብቂ» ብለን እንሸኛለን። ከምን እና እንዴት እንደምትጠብቅ ግን አንነግራትም። ሞዴስ አብዝታችሁ ስትገዙላት፣ አብራችሁ ይህንንም ንገሯት፦ ፈቅዳም ይሁን ተገዳ አንድ ነገር ቢደርስ ሰዓት ወሳኝ ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ (በተለምዶ ፖስት ፒል የሚባለው) በቶሎ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው ይበልጥ የሚሠራው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒትም ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም። ተገድዳ ከሆነ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ «እናቴ ምን ትለኛለች» ብላ ሦስት ቀን ካለቀሰች ግን ያ ሰዓት ያልፋል። ልጅቷ መጀመሪያ የምትደውለው ወደ ቤት እንዲሆን ከፈለግን፣ ቤቱ እንደማይጮህባት ቀድማ ማወቅ አለባት። ለወንዶቹም ቢሆን ስለ ኮንዶምና ስለ መከባበር የሚነግራቸው አባት እንጂ ሴኒየር ባይሆን ይመረጣል።

አእምሮም ይታመማል። አንዳንድ ከባድ የአእምሮ ሕመሞች የሚጀምሩት በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ልክ ልጆቻችን ከዓይናችን በሚርቁበት ዕድሜ። ክፍል መግባት ማቆም፣ ቀን ሙሉ መተኛት፣ ስልክ አለማንሳት፣ የማይጨበጥ ወሬ ማውራት፣ «ብሞት ይሻለኛል» ማለት፣ እነዚህ የስንፍና ወይም የጥጋብ ምልክቶች አይደሉም። ጸበሉም ጸሎቱም ይሁን፤ ሐኪም ግን አይቅር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ለጎረቤት ሐሜት ብለን የደበቅነው ሕመም ይበልጥ ሥር ይሰዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው አንድ አሠራር አለ። በእርግጥ የታመመ ተማሪ የሕክምና ማስረጃ ይዞ ሬጅስትራር ዘንድ የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልቶ ትምህርቱን ማቋረጥ፣ ሲሻለውም ሪአድሚሽን ጠይቆ መመለስ ይችላል። ዝርዝሩ በየዩኒቨርሲቲው መመሪያ ይለያያል። ፎርም ሳይሞላ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የመጣ ልጅ ግን ያልተፈተነው ፈተና ኤፍ ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል። «ና ልጄ፣ ቶሎ ድረስ» ከማለታችን በፊት «ፎርሙን ሞላህ?» እንበል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከሩቅ እንዴት እናውቃለን? እኔ በማርኬቲንግ ሥራዬ የደንበኞች መጠይቅ አዘጋጃለሁ። «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ስንል ሰው ሁሉ «አዎ» ብሎን ይሄዳል። «ባለፈው ሲመጡ ስንት ደቂቃ ጠበቁ?» ስንል ግን እውነቱ ይወጣል። ልጆቻችንም እንዲሁ ናቸው። «ደህና ነህ?» ካልነው «ደህና ነኝ» ነው መልሱ። ይልቅስ «ትናንት ማታ ምን በላህ?»፣ «ስንት ሰዓት ተኛሽ?»፣ «የከበደህ ኮርስ የቱ ነው?»፣ «ካፌ ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»፣ «ክሊኒኩ የት ጋ እንደሆነ አይተሃል?» ብለን እንጠይቅ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ «ብቻዬን» የሚል መልስ ከሰማችሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አውቶቡስ መሳፈር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

እዚሁ ከተማ ኮሌጅ የሚማሩትንም አንርሳ። ማታ ቤት ስለሚገቡ ብቻ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ከማንም ጓደኛ ሳይሆን ወደ ቤት የሚሮጥ ተማሪ ብቸኝነቱ ከዶርም ልጅ ሊብስ ይችላል።

ከመሄዳቸው በፊት ባለው ማታ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ ሦስት ነገር ተነጋገሩ፦ ሲታመም በመጀመሪያው ቀን እንደሚናገር፣ ገንዘብ ሲያልቅበት ከመበደሩ በፊት እንደሚደውል፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን እንደማይደብቅ። እናንተ ደግሞ በበኩላችሁ አንድ ነገር ቃል ግቡለት፦ መጥፎ ወሬ ይዞ ሲደውል መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ትሰሙታላችሁ፤ ተግሣጹ ካስፈለገ በማግስቱ ይደርሳል። ይህን ቃል የጠበቀ ወላጅ ልጁ «ደህና አይደለሁም» ለማለት አይፈራውም።

ለዘንድሮ ፍሬሽማኖችና ለቤተሰቦቻቸው መልካም የትምህርት ዘመን!