የጤፍ ዱቄት ፓተንትና የቃላቱ ወሰን

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በደብረ ኤልያስ ወረዳ የታጨደ ጤፍ ተከምሮ ከቆየ በኋላ ተወቅቶ ጎተራ ይገባል፤ ወደ ወፍጮ የሚሄደውም ቤተሰቡ ሲፈልገው ነው። ከአጨዳ እስከ ወፍጮ ሳምንታት ማለፋቸው ለአርሶ አደሩ አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ይህንኑ ቆይታ በፈጠራ ማመልከቻው አስገብቶ በጥር 1999 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2007) ከአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ፓተንት አግኝቷል።

የፓተንቱ ዋና አንቀጽ የቆመው በአንድ ቁጥር ላይ ነው። እህሉ ሲፈጭ «ፎሊንግ ነምበር» የተባለው መለኪያ ቢያንስ 250 ከሆነ ዱቄቱ በፓተንቱ ወሰን ውስጥ ይወድቃል። መለኪያው በሙቀት በጠነከረ የዱቄት ብጥብጥ ውስጥ አንድ ዘንግ ለመውረድ የሚፈጅበትን ሰከንድ ይቆጥራል፤ እህሉ ማጎንቆል ከጀመረ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። በደረቅ ወቅት ተሰብስቦ በደኅና የተቀመጠ እህል ግን ከፍ ያለ ቁጥር ቢያስመዘግብ አያስደንቅም።

በ1997 ዓ.ም የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ከዚሁ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት መፈራረማቸው ይታወሳል። ስምምነቱ ኩባንያው በጤፍ የዘር ሀብት ላይ የአእምሯዊ ንብረት መብት እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ፓተንቱ የሚናገረው ግን ስለ ዱቄት፣ ስለ ሊጥና ስለ ዳቦ ነው። ማመልከቻውም ከፊርማው ቀድሞ የገባ በመሆኑ በጊዜው ተነብቦ ቢሆን ኖሮ ክልከላውን ወደ ዱቄቱ ማስፋት ይቻል ነበር ማለት ይቻላል። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም ሲከስር ስምምነቱ ተፈጻሚ የሚያደርገው ወገን አጣ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ።

የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም የፈጠራ ብቃት የለውም በማለት ፓተንቱን ውድቅ አድርጓል። ዜናው በአገራችን በደስታ ቢሰማም፣ ተከራካሪዎቹ ሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች እንደነበሩ ልብ ሊባል ይገባል። ፓተንት ያዡ አንዱን የዳቦ ቤት ግብዓት አቅራቢ በመብት ጥሰት ከሰሰው፤ ተከሳሹም ራሱን ለመከላከል የፓተንቱን ዋጋ ቢስነት አነሣ። ውሳኔውም የሚጸናው በኔዘርላንድ ብቻ ነበር። በአውሮፓ ጽሕፈት ቤት ፊት ተቃውሞ ማቅረብ የሚቻለው ፓተንቱ በተሰጠ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሲሆን፣ ያ ጊዜ በ1999 እና በ2000 ዓ.ም መካከል አልፏል።